ጉበት በመርፌ ሳይወጋ በደም ብቻ ይታወቃል? ጠይቄ ያገኘኋቸው 27 መልሶች

ከሦስት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ማታ አንድ ጥያቄ ለጥፌ ነበር። መልሱ 27 ደረሰ። ምን ተባለሽ እያለ በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ሁሉንም በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። የማንንም ስም አልጠራም፤ በመልሳቸው ተራ ቁጥር ብቻ ነው የማነሳቸው።

መጀመሪያ ጥያቄዬ። ታላቅ ወንድሜ 52 ዓመቱ ነው። የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ 94 ኪሎ ይመዝናል፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ነው የሚውለው። ቀኝ ጎኑን ከጎድኑ ሥር እየከበደው ሲያስቸግረው ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደ። አልትራሳውንድ ታየ፤ ጉበትህ ላይ ስብ አለ ተባለ። ምን ያህል እንደተጎዳ ለማወቅ በመርፌ ናሙና መውሰድ ሊያስፈልግ ይችላል ብለው ሸኙት። ከዚያ ወዲህ ሕክምና የሚባል ነገር ሲነሳ ወሬ ይቀይራል። እሑድ ቤቱ ድረስ ሄጄ የላብራቶሪ ወረቀቱን ለመንኩት። ከሸሚዝ ኪሱ አወጣው። አራት ቦታ ታጥፏል፤ መታጠፊያው ላይ ቀለሙ ስለተፋቀ አንዷን ቁጥር በስልኬ መብራት ነው ያነበብኳት። ኤኤስቲ 48፣ ኤኤልቲ 61፣ ፕሌትሌት 190,000። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምሩ ኤንዛይሞች ናቸው፤ ፕሌትሌት ደግሞ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሴል ነው። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ ይህን ሁሉ ደም ከቀዱት በኋላ ጉበቱ መጎዳት አለመጎዳቱን ከዚሁ ደም ማወቅ አይቻልም ወይ?

1ኛውና 2ኛው እግዜር ይማርልሽ ያሉ ናቸው። አሜን።

3ኛው ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ የመልሶቹን ክር ተሸክሞ የዘለቀው እሱ ነው። ከሁሉ በፊት ስብና ጠባሳን እንድለይ ነገረኝ። ጉበት ውስጥ ስብ መጠራቀሙ አንድ ነገር ነው። ስቡ ጉበቱን እያስቆጣ፣ አንዱ ጋ ሲሽር ሌላው ጋ እየቆሰለ ጠባሳ መጣሉ ሌላ ነገር ነው። ወደፊት ጉበቱ ይደክማል አይደክምም የሚለውን ከስቡ ይልቅ የሚናገረው ጠባሳው ነው። አልትራሳውንዱ ስቡን አይቷል። ጠባሳን ግን በጣም ካልገፋ በቀር አያሳይም። ስለዚህ ደሙ ውስጥ የምንፈልገው የጠባሳውን ፍንጭ ነው።

ለዚህ ፊብ-4 የሚባል ስሌት አለ አለኝ። ዕድሜ በኤኤስቲ ይባዛል። ፕሌትሌት ደግሞ በኤኤልቲ ስኩዌር ሩት ይባዛል። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ይካፈላል፤ አለቀ። ከ1.3 በታች ከሆነ የገፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል በጣም ትንሽ ነው። ከ2.67 በላይ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ስፔሻሊስት ሊያየው ይገባል። መሀል ላይ ከወደቀ ሌላ ምርመራ ይጨመራል። እነዚህ ቁጥሮች ስለ ጠባሳ ምን አገባቸው ለሚል ሰው ደግሞ እንዲህ አስረዳ። ጠባሳ ሲበዛ ደም በጉበት ውስጥ ማለፍ ያቅተውና ወደ ጣፊያ ይመለሳል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ፕሌትሌቱን ይዞ ያስቀራል። ለዚህ ነው ፕሌትሌት ሲወርድ የሚያሰጋው። ኤኤስቲም በስብ ጉበት መጀመሪያ ላይ ከኤኤልቲ ያንሳል፤ ጠባሳው ሲገፋ ግን እየቀደመ ይሄዳል።

4ኛው ወዲያው ካልኩሌተር ይዞ ተነሣና የወንድሜን ቁጥር አስልቶ 0.0017 አገኘ። ንጹሕ ነው፣ እንኳን ደስ አላችሁ ተባልን። ወዲያው ደወልኩለት። ከስንት ቀን በኋላ ሲስቅ ሰማሁት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ 5ኛው መጣ። ቆጣ ብሎ ነው የጻፈው። ፕሌትሌቱ በሺህ ነው የሚቆጠረው፣ 190,000 ሳይሆን 190 ተብሎ ነው የሚገባው፣ ሳታውቁ ሰውን አታጃጅሉ የሚል ይዘት ነበረው። ልክ ነበር፤ ቁጣውም አልበዛብኝም። 6ኛው አስተካክላለሁ ብሎ 2.41 አመጣ። ወደ 2.67 መጠጋቱን ሳይ ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት 3ኛው ሰውዬ ተመለሰና በ7ኛው መልስ ነገሩን ፈታው። 6ኛው ኤኤስቲንና ኤኤልቲን አቀያይሯቸዋል። ትክክለኛው 1.68 ነው። መሀል ላይ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። እኔን ያንገበገበኝ ስሌቱ አራት ቁጥር ብቻ የሚፈልግ መሆኑ ነው። ሦስቱ ወንድሜ ኪስ ውስጥ ነበሩ። አራተኛው ዕድሜው ነው፤ እሱም ወረቀቱ አናት ላይ ተጽፏል። አዲስ መርፌም አዲስ ክፍያም አይጠይቅም። ያንን ሁለት ደቂቃ የሚሰጠው ሰው አጥቶ ነው አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ ያጣው። መርፌ ከመጥራት በፊት ይህ ይሰላ። ሌላ የምለው የለኝም፤ የቀረው ሁሉ ለዚህ ማብራሪያ ነው።

8ኛው የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ ያለ ነው። ሰው በስልኩ ራሱን እየመረመረ ነው ብሎ ተቆጣ። ባዮፕሲ፣ ማለትም ያ በመርፌ ናሙና መውሰድ፣ ዛሬም ማመሳከሪያው ነው፤ ጉበቱ መቆጣቱን በዓይን የሚያሳይ ሌላ ምርመራ የለም የሚል ሐሳብ አነሳ። 9ኛው ገንዘብ ፈልጋችሁ ነው የምትወጉት ብሎ ዘለፈው። ይሄ አላማረኝም፤ በዚያው ጽፌለታለሁ። 3ኛው ሰውዬ ግን በጨዋ ደንብ ነው የተከራከረው። መርፌው የሚያወጣው ሥጋ ከጉበቱ 50,000 እጅ አንዱን ያህል ነው። መርፌው ያረፈበት ቦታ ጠባሳው ቀላል ሆኖ ሌላው ጋ ሊከብድ ይችላል። ሕመምም አለው፤ ጥቂት ሰው ላይ ደም ይፈሳል። ሐኪሙ በ10ኛው መልስ ረገብ ብሎ መጣ። እሱ ራሱ ለስብ ጉበት ብሎ ባዮፕሲ የሚልከው ከስንት አንዱን እንደሆነ፣ በቅድሚያ ስሌቱ፣ ቀጥሎ ፋይብሮስካን (የጉበትን ጥንካሬ ከቆዳ ላይ ሆኖ የሚለካ መሣሪያ)፣ መርፌው ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ወይም ሌላ በሽታ ሲጠረጠር እንደሚመጣ ጻፈ። ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ ቢል ጥሩ ነበር።

ለንደን ያለች ነርስ 11ኛውን ጻፈች። እዚያ ኢኤልኤፍ የሚባል የደም ምርመራ አለ። ጉበት ጠባሳ ሲሠራና ሲያፈርስ ወደ ደም የሚለቃቸውን ሦስት ነገሮች ይለካል፤ ሃያሉሮኒክ አሲድ፣ ፒስሪኤንፒ እና ቲምፕ-1። የእንግሊዝ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ 10.51 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የገፋ ጠባሳ እንዳለ ቆጥራችሁ ተከታተሉ ብሎ አስቀምጧል። አሜሪካኖቹም እ.ኤ.አ. በ2021 ፈቅደውታል። እነሱ ግን የፈቀዱት በሽታው እየገፋ መሄድ አለመሄዱን ለመተንበይ ነው። 12ኛው አዲስ አበባ የት ይሠራል ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠው የለም።

13ኛው ረጅም ነው፤ ተመራማሪ ይመስላል። ሰው ሁሉ ፊብ-4ን ለስብ ጉበት የተሠራ አድርጎ መውሰዱን አረመ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ሲ አብረው ለያዟቸው ሰዎች ነበር የታሰበው፤ በኋላ ለስብ ጉበትም ሲሞከር ሠራ። ስቡን ራሱን በስሌት ለመገመት የሚረዳ ሌላ አለ፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2006 ጣሊያን ውስጥ ወጣ። ክብደት ከቁመት ጋር፣ የወገብ ዙሪያ፣ ትራይግሊሰራይድ (የደም ስብ) እና ጂጂቲ (ሌላ የጉበት ኤንዛይም) ያስገባል፤ ውጤቱ ከ30 በታች ከሆነ ስብ የለም፣ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አለ ተብሎ ይገመታል። ሲኬ-18 የሚባል የሚሞቱ የጉበት ሴሎች ቁርጥራጭም በደም ይለካል። ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ ለዕለት ተዕለት ሕክምና ግን ብቻውን በቂ ሆኖ አልተገኘም። በሽታው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 ስሙ መቀየሩንም ጨመረ። ድሮ ከአልኮል ጋር ያልተያያዘ የጉበት ስብ ነበር የሚባለው። አሁን ከስኳር፣ ከውፍረትና ከደም ግፊት ጋር የሚያያይዝ ስም ተሰጥቶታል። ይህን ጉዳይ አንብቤ አለፍኩት፤ ለወንድሜ ስሙ ምንም አይጨምርለትም።

በጣም የጠቀመኝ 14ኛው ነው። መተማ አካባቢ የሠራ የጤና ባለሙያ ነው። እኛ አገር ፕሌትሌት የሚወርደው በጉበት ጠባሳ ብቻ እንዳልሆነ አስታወሰን። ሰሊጥ አጨዳ ወርደው የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች ካላ አዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ይዟቸው፣ ጣፊያቸው እስከ እምብርት ወርዶ ይመጣሉ። ቢልሃርዚያ አለ። ወባ አለ። እነዚህ ሁሉ ፕሌትሌቱን ያወርዱታል፤ ስሌቱ ደግሞ ይህን አያውቅምና ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያስደነግጣል። ወንድምሽ በቅርቡ ወባ ታሞ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልታመመም።

15ኛዋ አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፈችው። ሄፓታይተስ ቢ ተመርምሯል ወይ አለች። ክው አልኩ። ማንም አልጠየቀውም፤ እኔም አላሰብኩትም። ስብ አለ ስለተባለ ብቻ ሌላው ተረስቷል። ቁጥሩ ጠባሳ አለ ሊል ይችላል፤ ጠባሳውን ማን እንዳመጣው ግን አይናገርም። 16ኛው ይህን ይዞ ቀጠለ። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሄፓታይተስ ቢ ሕሙማንን የሚከታተል ፕሮግራም አለ። ሄፓታይተስ ቢ ላይ የሚሠራበት አፕሪ የሚባል ሌላ የደም ስሌት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ጉበት ጠንክሯል (ሲሮሲስ፣ የጠባሳው የመጨረሻ ደረጃ) ለማለት ድሮ ከ2 በላይ ይጠይቅ ነበር፤ ያ ወሰን ለአፍሪካውያን በጣም ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 1 ወረደ። አንድ ቁጥር ሌላ አገር ስለሠራ ብቻ እንዳለ ተገልብጦ እዚህ አይሠራም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገዱን ሳተ። 17ኛው የወፍ በሽታ መድኃኒት የሚሰጥ አዋቂ አለ፣ አድራሻ ልላክልሽ አለ። 18ኛዋ ፋርማሲስት ናት፤ አልማረችውም። በሳምንት ውስጥ ዓይናቸው ብጫ ሆኖ የሚመጡ ሰዎች ሲጠየቁ ምን ተቀምሞ እንደሆነ የማያውቁትን ቅጠል እንደጠጡ እንደሚናገሩ፣ የታመመ ጉበት ላይ ያልታወቀ ነገር መጨመር ሰው መግደል እንደሆነ ነገረችው። ኃይለ ቃል ነው፤ ግን ከእሷ ጋር ነኝ። ወንድሜን ለአንድ ቀን እንኳ ለዚያ አሳልፌ አልሰጥም።

19ኛው 28 ዓመቱ ነው፤ ጂም ይሠራል። ኤኤስቲው 70 መጥቶበት ተጨንቋል፤ በሌላ በኩል ፊብ-4ው ዝቅ ስላለለት ተጽናንቷል። 3ኛው ሰውዬ ሁለቱንም አረመለት። ኤኤስቲ ከጡንቻም ይወጣል። ከባድ ብረት ካነሳ በኋላ ለቀናት ከፍ ብሎ ሊቆይ ስለሚችል ሳምንት አርፎ ይድገመው። ፊብ-4 ደግሞ ዕድሜን የሚያባዛ በመሆኑ ከ35 ዓመት በታች ላለ ሰው አይታመንም። ልጁ ኤኤልቲዬ ኖርማል ነው ብሎ ሊከራከር ሞክሮ ነበር። ጉበታቸው ስብ ያለበት ብዙ ሰዎች ኤኤልቲያቸው ኖርማል ነው ሲባል ዝም አለ።

20ኛው የሐረር ሰው ነው። ስለ ጫት አነሳ። ሐረር ሆስፒታሎች ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃም ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር ተያይዞ ማግኘቱን ጻፈ፤ ሹፌር ከሆነ ጠይቂው አለኝ። 21ኛው ባህላችንን አትንኩ ብሎ ተነሳበት። ብዙም መልካም ቃል አልተለዋወጡም፤ ሁለቱንም ዝም አስባልኳቸው። ግን ጠየቅኩት። ወንድሜ መሬት መሬት እያየ ረጅም መንገድ ሲሄድ እንደሚቅም ነገረኝ። ስንት ዓመት እንደሆነው አልጠየቅኩም። ሐኪሙ እንዲጠይቀው ተውኩት።

22ኛዋ ስለ ቡና ጻፈች፤ ደስ አለኝ። ብዙ ጥናቶች ቡና የሚጠጡ ሰዎች ላይ የጉበት ጠባሳ አነስ ብሎ አግኝተዋል። ሦስት ማንኪያ ስኳር ካለበት ግን ስሌቱ ሌላ ነው ብላ አስጠነቀቀች። 23ኛው ጾመኛ ስለሆንኩ ጉበቴ ደህና ነው ላለው፣ ጾም ላይ የሚበላው ዳቦ፣ በዘይት የራሰ ፍርፍርና ለስላሳ መሆኑን አንድ ሰው በትሕትና አስታወሰው። 24ኛው ሜሪላንድ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 ላይ ሬስሜቲሮም የሚባል ኪኒን፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 ላይ ደግሞ ሴማግሉታይድ መርፌ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ በሽታ መፈቀዳቸውን ነገረን። የተፈቀዱት ጠባሳቸው መካከለኛ ወይም ገፋ ላለ ሰዎች ነው፤ ጉበታቸው ለጠነከረ አይደለም። ዋጋው ሲጠየቅ አልተመለሰም።

25ኛዋ አባቷ 71 ዓመታቸው ነው። ኤኤስቲ 30፣ ኤኤልቲ 25፣ ፕሌትሌት 230፤ ፊብ-4 1.85 ሆነባት። ከ1.3 በላይ ነው ብላ ደንግጣ ነበር። ከ65 ዓመት በላይ የታችኛው ወሰን 2 መሆኑን ሐኪሙ፣ 8ኛው ማለቴ ነው፣ ነገራት። አሁን እንደ መጀመሪያው አልተቆጣም። አባቷ ከወሰኑ በታች ናቸው። ምርቃቷ ገጹን ሞላው።

26ኛው የእኔ ነው፤ ውጤቱን ይዤ ተመለስኩ። 3ኛው ሰውዬ በውስጥ መስመር አንድ ምክር ሰጥቶኝ ነበር። አንዳንድ ሰው ደሙ ሐምራዊ ክዳን ያለው ብልቃጥ ውስጥ ሲገባ ፕሌትሌቱ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ማሽኑ የተጣበቀውን እንደ አንድ ስለሚያየው በሐሰት አሳንሶ ይቆጥራል። እንዲደገም፣ ስላይድ ላይም በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ጠይቂ አለኝ። ሲቀዱትም የደሙ ሴሎች እንዳይሰባበሩ፤ ከተሰባበሩ ኤኤስቲው ይጨምራል። ሌላ ላብራቶሪ ወሰድኩት። ባለሙያዋ ጥያቄዬን ስትሰማ አልተናደደችም፤ ስላይዱን አይታ አልተጣበቀም አለችኝ። ኤኤስቲ 44፣ ኤኤልቲ 57፣ ፕሌትሌት 196። 1.55 ሆነ። እንደገና መሀል። ሄፓታይተስ ቢ የለበትም። ሄፓታይተስ ሲም የለበትም።

ስለዚህ ፋይብሮስካን ገባ። ለሦስት ሰዓት ያህል ምንም ሳይበላ ነው የሄድነው። እኔም ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። በጀርባው ተኛ፤ ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ አደረገ። ጎድኑ መሀል ጄል ቀቡትና መሣሪያውን አስጠጉት። ቱክ፣ ቱክ ይላል፤ በጣት ጫፍ እንደመምታት ያለ ነገር ነው። አሥር ጊዜ መታው። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ አለቀ ሲሉት አላመነም። የጥንካሬው ቁጥር 6.4 መጣ። 8 አልደረሰም፤ የገፋ ጠባሳ የለም ማለት ነው። ስቡ ግን ብዙ ነው ተባለ። መርፌ የሚባል ነገር አልተነሳም። ሐኪሙ ከክብደቱ ከ7 እስከ 10 በመቶ እንዲቀንስ ነገረው፤ ከ94 ኪሎ ላይ ከስድስት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል ኪሎ ገደማ ነው። ለስላሳ እንዲያቆም፣ ስለ ጫቱም ረጋ ብሎ አወራው። ደሙና ስሌቱ እንደገና ይታያል። አሁን ከተራው ወርዶ ቤቱ በእግሩ ይገባል።

27ኛው ትናንት ሌሊት ነው የገባው። የሪያድ ልጅ ናት፤ ስለ እናቷ ነው የምትጠይቀው። ዕድሜ 58፣ ኤኤስቲ 36፣ ኤኤልቲ 40፣ ፕሌትሌት 205,000 ብላ አስቀምጣለች። አስልቼዋለሁ፣ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ምናምን ነው የመጣው፣ እናቴ ደህና ናት ወይ ትላለች። የፕሌትሌቱን የመጨረሻ ሦስት ዜሮዎች እንድትሰርዛቸው ጻፍኩላት። ሲታረም 1.61 ነው የሚመጣው። ይህን ብቻ ነግሬያት አልተውኳትም፤ ከሄፓታይተስ ቢ ምርመራው ጀምሪ አልኳት።